ባለ አበባ ሺት ቤት ሲገባ፦ እየደጋገምኩ የማያቸው ስህተቶች

ሥራዬ መጋረጃና የሶፋ ልብስ መስፋት ነው። ቺንትዝ የሚባለውን፣ ትልልቅ አበባ ያለበትን የጥጥ ሺት በጣም እወደዋለሁ። ሰው ሲያበላሸው ዝም ማለት የማልችለውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አቆራረጡ ነው። ሰው የመስኮቱን ቁመት ይለካል፣ መስኮቱን በሚሸፍነው የጨርቅ ወርድ ብዛት ያባዛል፣ ገዝቶ ይመጣል። ልንሰፋ ስንል ጨርቁ አይበቃም። አበባው በስንት በስንት ሳንቲሜትር እንደሚደገም ማንም አላየማ! አንድ መስኮት ከነእጥፋቱ 285 ሳንቲሜትር ይፈልጋል እንበል። ሥዕሉ ደግሞ በየ64 ሳንቲሜትሩ ይደገማል። 285 ለ64 ሲካፈል 4 ተኩል ገደማ ነው። ሥዕል ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ 5 ብላችሁ ያዙት። ለአንድ ወርድ 320 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። ለ4 ወርድ 11 ሜትር ከ40 ሳይሆን 12 ሜትር ከ80 ትገዛላችሁ። 1 ሜትር ከ40 ለማትረፍ ተብሎ ሙሉው ጨርቅ ይበላሻል?

አንዲት ደንበኛዬ ራሷ ቆርጣ የጨረሰችውን ይዛ መጣች። በግራው መጋረጃ ጽጌረዳው ወገብ ላይ ነው፤ በቀኙ ጉልበት ላይ። ሁለቱ ወርዶች የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ የወፏ ጭንቅላት አንድ ቦታ፣ ክንፏ ሌላ ቦታ ቀርቷል። «እህቴ፣ እንደምንም አስተካክይልኝ» አለችኝ። የተቆረጠ ጨርቅ በምን ይስተካከላል? የትራስ ልብስ ሆኖ ቀረ። ያን የመሰለ ጨርቅ!

በነገራችን ላይ ሁሉንም ከአንድ ጥቅል ግዙ፤ በሌላ ጊዜ የታተመው ቀለሙ ይለያል።

ሁለተኛው አጥፊ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። የቺንትዝ አንዱ ውበት ላዩ ላይ ያለው ማንጸባረቅ ነው። ያ የሚመጣው ጨርቁ በስታርች፣ በሰም ወይም ሬዚን በሚባል ሙጫ መሰል ኬሚካል ተቀብቶ በጋለ ሲሊንደር ሲጫን ነው። አቧራም ቶሎ አይዘውም። ስታርችና ሰም የተቀባው ግን አንዴ ውሃ ሲነካው ጨለም ብሎ ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ድሮው አይመለስም። በሳምንት አንዴ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ ሲቆሽሽ ለደረቅ እጥበት ስጡት። ልጆች የሚዘሉበት ሶፋ ላይም አታልብሱት። የክንድ ማሳረፊያው ላይ ማንጸባረቁ ቶሎ ይለቃል።

«የፈረንጅ አያቶች ጨርቅ» እያሉ ማጣጣሉም አንድ ስህተት ነው። ይህ ጨርቅ መነሻው የህንድ እጅ ሥራ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ህንድ፣ በኮሮማንደል ጠረፍ፣ እንደ ማሱሊፓትናም ባሉ ከተሞች፣ ባለሙያዎች በቀርከሃ ብዕር ይሥሉት ነበር። የሚሥሉት ግን በቀለም አልነበረም። ቀይ በሚሆነው ቦታ አሉም የሚባል ማዕድን፣ ጥቁር በሚሆነው ቦታ የብረት ውሁድ ይቀባሉ። ከዚያ ጨርቁ ከተክል ሥር በተገኘ ቀለም ሲቀቀል ቀለሙ የተቀባውን ቦታ ብቻ ይይዛል። ለሰማያዊው ደግሞ ሌላውን ቦታ በሰም ሸፍነው ኢንዲጎ በሚባል ከተክል የሚገኝ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። ሲታጠብ የማይለቅ ቀለም አውሮፓን ጉድ አሰኘ። የሱፍና የሐር ሸማኔዎች ገበያቸው ተወሰደባቸው። ፈረንሳይ ከ1686 እስከ 1759 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከለከለችው። ለንደን ውስጥ በ1719 ሸማኔዎች ይህን ጨርቅ የለበሱ ሴቶችን በየመንገዱ እያጠቁ ልብሳቸውን ይቀዳድዱ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1721 ባወጣው ሕግ ልብስ ብቻ ሳይሆን የቤት ዕቃ ማልበሻም ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1774 ነው። ለአንድ የመጋረጃ ጨርቅ ይህን ያህል! እኛም ጋ ደርሷል። በአንዳንድ የድሮ ብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከህንድ የመጣ ባለ ሥዕል ጥጥ ተለጥፎ ይገኛል።

ታሪኩን አለማወቅ ገበያም ላይ ያሳስታል። ድሮ አረንጓዴ የሚወጣው በሰማያዊው ላይ ቢጫ ተቀብቶ ነበር። ቢጫው ከጊዜ ጋር ይጠፋል፤ ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አሁን የድሮውን አስመስለው የሚያትሙ ፋብሪካዎች ቅጠሉን ሆን ብለው ሰማያዊ ያደርጉታል። ሰው ግን «ቀለሙ ተሳስቷል» ብሎ ይመልሰዋል። እባካችሁ አትመልሱት።

ፈሪዎችም አሉ። ግራጫ ሳሎን ውስጥ አንዲት ባለ አበባ ትራስ ጣል ያደርጉና «አላማረም» ይላሉ። እንዴት ይመር? አበባው ጓደኛ ይፈልጋል። መጋረጃውንም ከዚያው ጨርቅ አድርጉት፤ ምንጣፉንና ሶፋውን ሥዕል የሌለው፣ ከአበባው ውስጥ የተመረጠ አንድ ቀለም ብቻ አድርጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የመዳፍ ያህል ናሙና አይታችሁ አትወስኑ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሥዕል የያዘ ቁራጭ አምጡና መስኮቱ ላይ ስቀሉት፤ ቀንም ማታ መብራት በርቶም እዩት።

መስኮቱ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ያለ ገበር አትስፉት። በፀሐይ መጀመሪያ የሚሄደው የጠርዙ ቀለም ነው፤ ገበሩ ደግሞ ከተቀደደ በርካሽ ይቀየራል።