«አሪፍ ነው» ካሉ በኋላስ? ስለያዘን አልበም ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ አልበም ሲይዘኝ ለሰው ሳልናገር አላድርም። ሰሞኑን ግን የድሮ አስተያየቶቼን መልሼ ሳነብ አፈርኩ፤ የአልበሙ ስም ቢወጣ ስለየትኛው እንደማወራ እኔም አልለየውም።

ብይን ሰጥቶ ዝም ማለት። ዋናው ጥፋት ይሄ ነው። «አሪፍ»፣ «ድንቅ»፣ «ነፍስ ያለው ሥራ» ለማንኛውም አልበም ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለአንዱም አይሆኑም። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ድንገት ዝም ይልና ቤዙ ብቻውን ይቀራል፤ እዚያ ጋ ስደርስ የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ» ያለኝ ሰው ግን አልበሙን ያስከፍተኛል። ለዚህ የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። የመሣሪያው ስም ካልመጣ «ያ ከሩቅ እንደ ደወል የሚሰማው ነገር» ይበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ቅንብርና ሚክሲንግ እያሉ ከሚራቀቁት ይልቅ እንዲህ የሚያወራውን አምናለሁ።

ስንቴ እንደሰሙት አለመናገር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየቱ ወይም በመስማቱ ብቻ ይበልጥ ሊወደው እንደሚችል አሳይቷል። ዛሬ ጆሮዬን የቆረቆረኝ አልበም በአምስተኛው ቀን ሊጥመኝ ይችላል ማለት ነው። ያ ጣዕም ከአልበሙ ይምጣ ከልማድ፣ እኔም ሁልጊዜ አላውቅም። «ገና ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት» ማለት ለአንባቢው ትልቅ መረጃ ነው።

አዘበራርቆ ሰምቶ በቅደም ተከተሉ መፍረድ። በ1948 እ.ኤ.አ. የመጣው ረጅሙ ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነበር። ከዚያ ተነስቶ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ብዙ የድሮ አልበሞች ሁለት መክፈቻና ሁለት መዝጊያ አላቸው፤ «መሃሉ ላይ ይቆረጣል» የሚል ቅሬታ ስሰማ ቆራጩ ሸክላው ይሆናል እላለሁ። ዘፋኟ አዴል የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ታስቦበት የተሠራ ነው ብላ ስትከራከር፣ የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ በ2021 እ.ኤ.አ. ከአልበም ገጾች ላይ ዋናው ቁልፍ ማዘበራረቂያው መሆኑን አስቀርቷል።

በምን እንደሰሙና የትኛውን ቅጂ እንደሰሙ መዝለል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ «ቤዝ የለውም» ማለት ስልኩን መገምገም ነው። የቅጂው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። የጃዝ ሙዚቀኛው የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በ1959 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ፊት ሦስት ሥራዎች በቀረጻ መሣሪያው ጉድለት ከተጫወቱበት ትንሽ ፈጥነውና ቀጥነው ነበር የታተሙት። በ1992 እ.ኤ.አ. እትም እስኪታረም ድረስ ስንት ሰው እሱን ሲያዳምጥ ኖሯል! ስለ ቅኝቱ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላውን አሳንሶ ማወደስ። «እገሌ ከዚህ ይማር» የሚለው አስተያየት ጠብ ያመጣል እንጂ አድማጭ አያመጣም።

ዘግይቶ መድረስን ይቅርታ መጠየቅ። አልበሙ ቢያረጅም ለእርስዎ ትናንት ነው የወጣው። ይቅርታውን ይለፉት።

ሐሳብ መቀየርን መደበቅ። ባለፈው ወር ሰማይ የሰቀልኩት አንድ አልበም አለ። ያልኩትን ለማጥፋት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ተውኩትና ከሥሩ «አሁን ከአራተኛው ዘፈን አላልፍም» ብዬ ጨመርኩበት።