ቀይ ከቀይ እንዴት ይለያል? የስፖርት መኪና ቀይ ቀለሞችን የማወዳደር መመሪያ

ሁለት ቀይ መኪኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል። ለየብቻ ሲታዩ ግን ሁለቱም «ቀይ» ናቸው። የሰው ዓይን ቀለምን በማነጻጸር የተካነ ቢሆንም በማስታወስ ግን ደካማ ነው፤ ትናንት የታየን ቀይ በልብ ይዞ ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ሥራው በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ከቀለሙ በቀር ሌላ የሚለያይ ነገር እንዳይኖር ማድረግ። ብርሃኑ፣ የሚያዩበት ማዕዘን፣ ንጽሕናውና ሙቀቱ አንድ ከሆኑ የቀረው ልዩነት የቀለሙ ነው።

ስሙን ትተው ኮዱን ይያዙ

ፌራሪ ብቻውን በስማቸው «ሮሶ» (በጣሊያንኛ «ቀይ») የሚል ያለባቸውን ከአሥር በላይ ቀለሞች ተጠቅሟል፤ ሮሶ ኮርሳ፣ ሮሶ ስኩዴሪያ፣ ሮሶ ዲኖ፣ ሮሶ ሙጄሎ፣ ሮሶ ፊዮራኖ፣ ሮሶ በርሊኔታ፣ ሮሶ ፉኦኮ እያለ ይቀጥላል። ሮሶ ኮርሳ ማለት «የውድድር ቀይ» ነው፤ የጣሊያን መኪኖች በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ሲለብሱት የኖሩት ቀለም። ነገር ግን ይህ አንድ ስም በየዘመኑ ከአንድ በላይ ቀመር ተሸክሟል። በ1980ዎቹ የተሠራ መኪና ላይ 300/6 የሚል ኮድ ሊያገኙ ይችላሉ፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ላይ 322 ነው። የሁለቱም ስም ሮሶ ኮርሳ ነው፤ ሲያጠጓቸው ግን አንድ አይደሉም። ሮሶ ስኩዴሪያ ደግሞ 323 ነው።

ሌሎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። ፖርሸ በጀርመንኛ ኢንዲሽሮት፣ በእንግሊዝኛ ጋርድስ ሬድ የሚለው ቀለም አንድ ነው፤ ስሙ ተለያየ ብለው ሁለት ቀለም እንዳያደርጉት። ማዝዳ በ2012 ያወጣው ሶል ሬድ 41ቪ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ሶል ሬድ ክሪስታል 46ቪ ነው። እነዚህን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ 46ቪ ግን ይበልጥ የጠለቀና የጠራ ነው። ሆንዳ ሚላኖ ሬድ አር81፣ ኒው ፎርሙላ ሬድ አር510 ነው። የኮርቬት ቶርች ሬድ በጄኔራል ሞተርስ መዝገብ ደብልዩኤ 9075 ተብሎ ይታወቃል።

ኮዱ የት ይገኛል? ማዝዳና ሆንዳ ላይ በሾፌሩ በር ስር ወይም በምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት። የቆዩት ፖርሸ 911ዎች ላይ የፊት መክደኛውን ሲከፍቱ። የቆዩ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ በዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ። ኮዱን ካገኙም በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ የቀለም አምራቾች ለአንድ ኮድ ዋናውን ቀመር ብቻ ሳይሆን ጥቂት ልዋጮችንም ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ትንሽ ቢጫ የበዛበት፣ አንዱ ትንሽ የጠቆረ። ከአንድ ፋብሪካ በተለያየ ዓመት የወጡ መኪኖች በትክክል አንድ ስላልሆኑ ነው። ቀለም ሲያስደባልቁ «ልዋጮቹን አሳዩኝ» ማለት መብትዎ ነው።

ቀዩ ወዴት ያዘነብላል?

አንድን ቀይ ለመግለጽ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ ወዴት ያዘነብላል፤ ወደ ብርቱካናማ ወይስ ወደ ሰማያዊ? ሁለተኛ፣ ምን ያህል ፈካ ወይም ጠለቅ ያለ ነው? ሦስተኛ፣ ምን ያህል ጥርት ያለ ነው፣ ወይስ ግራጫ የገባበት ይመስላል? የመጀመሪያውን ለመለየት ኩሽና ውስጥ ያለውን ያስቡ። ሚጥሚጣ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ቀይ ሥር ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፤ በመካከላቸው የበሰለ ቲማቲም አለ። ሮሶ ስኩዴሪያ ከሮሶ ኮርሳ ይልቅ ፈካ ብሎ ወደ ሚጥሚጣው ይጠጋል፤ ሮሶ ዲኖ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። የፖርሸ ካርሚን ሬድ ደግሞ ከጋርድስ ሬድ ይልቅ ጠልቆ ወደ ቀይ ሥሩ ወገን ነው።

አራተኛ ጥያቄ የሚመጣው ቀለሙ ድፍን ካልሆነ ነው። ድፍን ቀለም በየትኛውም ማዕዘን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ሜታሊክ (ደቃቅ የአሉሚኒየም ፍሬ የተቀላቀለበት) እና ባለ ሦስት ንብርብር ቀለም ግን እንደሚያዩበት ማዕዘን ይለዋወጣል። ሶል ሬድ ክሪስታል ከታች ብርሃን የሚመልስ ንብርብር፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ፣ ከዚያ ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) አለው። ብርሃኑ በቀጥታ ሲያርፍበት ይነድዳል፤ በጎን ሲያዩት ግን ወደ ጥቁር ቀይ ይጠልቃል። ስለዚህ ከድፍኑ ጋርድስ ሬድ ጋር ሲያወዳድሩት «የትኛው ይጠቁራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከየት ሆነው እንዳዩት መናገር ግድ ነው።

ገጹን ማዘጋጀት

መኪናው በሻምፖ ይታጠብ፣ የተጣበቀው ብናኝ በክሌይ (ለመኪና ማጽጃ በተሠራ ለስላሳ ጭቃ) ይወገድ፣ ከዚያ ሰምና ዘይት እንዲለቅ ለመኪና ቀለም በተዘጋጀ የአልኮል ድብልቅ ይጠረግ። አንዱ በሰም ያበራ፣ ሌላው ደረቅ ከሆነ ሰም የተቀባው ሁልጊዜ ጠልቆ ይታያል። እርጥብ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ማንኛውም ቀይ ያምራል።

ፀሐይ ላይ የጋለ ኮፈን ላይ አይፍረዱ። ቀይና ብርቱካናማ ከሌሎች ቀለሞች ይልቅ በሙቀት የሚለዋወጡ ናቸው። ጥላ ውስጥ ቆሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ እስኪወርድ ይጠብቁ።

ቀጥሎ ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን ያረጋግጡ። የቀለም ውፍረት መለኪያ በፋብሪካ ቀለም ላይ በአብዛኛው ከ100 እስከ 160 ማይክሮን ያሳያል፤ አንዱ በር 130፣ ቀጣዩ ፓራፋንጎ 280 ካለ የኋለኛው እንደገና ተቀብቷል፣ ለማነጻጸሪያነትም አይሆንም። ለብረት ብቻ የተሠራ መለኪያ አሉሚኒየም ላይ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ሁለቱንም የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። የኮርቬት አካል ፋይበር ነውና እዚያ የሚሠራው የአልትራሳውንድ መለኪያ ነው።

ዕድሜም መታየት አለበት። የቆዩ ድፍን ቀዮች ብዙዎቹ ክሊር የሌላቸው ናቸው፤ የ1990ዎቹ ኤምኤክስ-5 ክላሲክ ሬድ እና የዚያ ዘመን ሚላኖ ሬድ ለዚህ የታወቁ ናቸው። ላያቸው በፀሐይ ሲቃጠል ይወይቡና ሮዝ ይሆናሉ። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ፖሊሽ አድርገው በበሩ ስር፣ ከዓይን በራቀ ቦታ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይሹት። ጨርቁ ደም የነካው መስሎ ከቀላ ቀለሙ ክሊር የለውም። ጨርቁ ካልቀላ በክሊር የተሸፈነ ነው። ክሊር የሌለውን ከማወዳደርዎ በፊት መዳፍ የሚያህል ቦታ በፖሊሽ አጽድተው የሞተውን ላይ ያንሱ፤ እውነተኛው ቀለም ከሥር ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጠንካራ ስለሆነ መወየቡ ይፈጥናል፤ ኮፈንና ጣሪያ ቀድመው ይሄዳሉ፣ የበር ታችኛው ክፍል ይቆያል። ስለዚህ የአንዱን ኮፈን ከሌላው በር ጋር አያነጻጽሩ።

ፓራውልት ላይ ደግሞ በፍጹም አይፍረዱ። ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአካሉ ተለይቶ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀባል። በአዲስ መኪና ላይ እንኳ ከፓራፋንጎው ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ብርሃን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሊያወዳድሩ የሚገባው ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ፣ ሰማዩ በስሱ ደመና ሲሸፈን ነው፤ ያ ብርሃን የቀለም ባለሙያዎች ዲ65 ከሚሉት ከ6,500 ኬልቪኑ መለኪያ ጋር ይቀራረባል። የጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ሰማያዊ ስለሚበዛበት ቀይን ያቀዘቅዘዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ያኔ ሮሶ ኮርሳን ሮሶ ስኩዴሪያ ነው ቢሉት አይፈረድብዎትም።

ቤት ውስጥ ከሆነ አምፖሉን ይመርምሩ። የአምፖል ጥራት ሲአርአይ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ይህ ቁጥር የሚሰላው ግን በ8 ፈዘዝ ያሉ ናሙናዎች ነው፤ ድምቅ ያለ ቀይ ከመካከላቸው የለም። ድምቅ ያለው ቀይ አር9 ተብሎ ለብቻው ይለካል። ሲአርአይ 80 የተጻፈበት ኤልኢዲ አር9ኡ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ያ መብራት ለቀይ መኪና ዕውር ነው ማለት ነው። ሲአርአይ ከ95 በላይ፣ አር9ም ከ90 በላይ የሆነ ይፈልጉ።

ሁለት ቀዮች በቀን ብርሃን ፍጹም አንድ መስለው ማታ በሙቅ አምፖል ሥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሜታመሪዝም ይባላል። የሚሆነውም ሁለቱ ከተለያየ የቀለም ዱቄት ሲሠሩ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በሦስት ብርሃን ይዩ፤ የቀን፣ የሙቅ አምፖልና የኤልኢዲ። በሦስቱም አንድ የሆነ ብቻ አንድ ነው።

ዓይንና ካርድ

ቀይ ዓይንን ያደክማል። ግማሽ ደቂቃ አፍጥጠው ያዩትና ወደ ነጭ ግድግዳ ቢዞሩ አረንጓዴማ ሰማያዊ ጥላ ይታይዎታል፤ ዓይንዎ ቀይን መቀበል ቀንሷል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ብቻ ይመልከቱ፣ ከዚያ ዓይንዎን ግራጫ ነገር ላይ ያሳርፉ።

አንድ መሣሪያ በእጅ ይሠራል። ደብዛዛ ግራጫ ካርቶን ወስደው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶችን፣ በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ትተው ይቁረጡ። አንዱ መስኮት በአንዱ ቀለም፣ ሌላው በሌላው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይመልከቱ። የመኪናው ቅርጽ፣ ጥቁር ጎማው፣ ከበስተኋላ ያለው ዛፍ ሁሉ ይጠፋና ቀለም ብቻ ይቀራል። መኪኖቹ እስከዚህ ድረስ መጠጋት ካልቻሉ የነዳጅ መክደኛ ወይም በካርድ ላይ የተረጨ ናሙና ይዞ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ግራና ቀኙን አቀያይረው ደግመው ይዩ። ልብስዎ ግራጫ ወይም ጥቁር ይሁን፤ ቢጫ ሸሚዝ ክሊሩ ላይ ያንጸባርቃል።

ማዕዘኑን በቅደም ተከተል ይያዙ፤ መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ በ45 ዲግሪ፣ በመጨረሻ ገጹን ሊስሙት የቀረቡ ያህል ዝቅ ብለው በጎን። ሜታሊክ ላይ ፊት ለፊት ገጥሞ በጎን የማይገጥም ቀለም የተለመደ ነው፤ የአሉሚኒየሙ ፍሬ ሲረጭ የተኛበት ሁኔታ ይለያያልና።

በቁጥር ማወዳደር

ስፔክትሮፎቶሜትር (ቀለምን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ) ካገኙ ክርክር ያልቃል። ለሜታሊክ የሚሆነው በብዙ ማዕዘን፣ ለምሳሌ በ15፣ 25፣ 45፣ 75 እና 110 ዲግሪ የሚለካው ነው፤ ለድፍን ቀለም አንድ ማዕዘን ይበቃል። መሣሪያው ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ኤል የፍካት፣ ኤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ቢ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ። ለመልመጃ ያህል አንዱ ቀይ 38፣ 58፣ 42 ሌላው 40፣ 60፣ 48 ቢሆን፣ ልዩነቱ 2፣ 2 እና 6 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ደምረው ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 6.6 ይመጣል፤ ዴልታ ኢ የሚባለው ይህ ነው። ትልቁ ድርሻ የቢ ስለሆነ ሁለተኛው በዋናነት ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ ነው። ይህ የድሮው ስሌት ድምቅ ባሉ ቀዮች ላይ ልዩነቱን ስለሚያጋንን መሣሪያዎ ላይ ዴልታ ኢ 2000 የሚለውን ይምረጡ። በእሱ ከ1 በታች የሆነ ልዩነት በዓይን ለመያዝ ያስቸግራል። ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከአምስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ስልክ ካሜራ ለዚህ አይታመንም። ድምቅ ያለ ቀይ ሲመጣ የቀዩ ቻናል ሞልቶ ይፈስና ሚጥሚጣውም ቲማቲሙም አንድ ጠፍጣፋ ቀይ ይሆናሉ። ፎቶ ግድ ከሆነ በራው ፎርማት (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ምስል)፣ መጋለጡን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሰው፣ ነጭ ሚዛኑን በግራጫ ካርድ ቆልፈው፣ ሁለቱንም መኪና በአንድ ፍሬም ውስጥ ያንሱ።

ለመቀባት ከሆነ

ቀይ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፤ ከሥሩ ያለው ያሳልፋል። አንዱ ኮድ በነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባ መሠረት) ላይ ሲረጭ ፈክቶ፣ በጥቁር ግራጫ ላይ ሲረጭ ጠልቆ ይወጣል። «ኮዱ ትክክል ነው፣ ግን አልገጠመም» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የዚህ ጣጣ ናቸው። ቀመሩ የሚያዘውን የግራጫ ደረጃ ይጠቀሙ።

መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ የተሰመረበት የናሙና ካርድ ላይ ይርጩ። በእያንዳንዱ ዙር መካከል እስኪደበዝዝ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ይጠብቁ። መስመሩ ፈጽሞ እስኪጠፋ ስንት ዙር እንደፈጀ ይቁጠሩ፤ መኪናው ላይም ያንኑ ያህል ይረጫል። ክሊር ሳይቀባና ሳይደርቅ አይፍረዱ፤ እርጥብ ቀይ ዋሾ ነው።

ባለ ሦስት ንብርብር ከሆነ አንድ ካርድ አይበቃም። ረዘም ያለ ጣውላ ላይ መሠረቱን በሙሉ ይርጩ፤ ከዚያ አራት አምስተኛውን በወረቀት ሸፍነው የሚያሳልፈውን ቀይ አንድ ዙር፣ ወረቀቱን አንድ እርምጃ ስበው ሌላ ዙር፣ እንዲሁ እያሉ ከአንድ እስከ አምስት ዙር የተረጨ ደረጃ ይሥሩ። ክሊር ቀብተው፣ ጣውላውን ከመኪናው አጠገብ በገጹ ትይዩ ይዘው የትኛው ደረጃ እንደሚገጥም ይዩ። ሶል ሬድ ክሪስታል ላይ የአንድ ዙር ልዩነት ሙሉ በሩን ባዕድ ያደርገዋል። የገጠመው ቢገኝም እንኳ በሩ ብቻ አይረጭም፤ ቀለሙ ወደ ቀጣዩ ፓራፋንጎ እየሳሳ እንዲገባ ተደርጎ ክሊሩ በሙሉ ፓኔሉ ላይ ይቀባል።

ናሙናውን አይጣሉት። በጀርባው ኮዱን፣ የተመረጠውን ልዋጭ፣ የፕራይመሩን ደረጃ፣ የዙሩን ብዛትና ቀኑን ጽፈው ብርሃን በማይገባው ፖስታ ያኑሩት።