የፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ውጤት 6 ብሎ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ቁጥሩ እንዴት ነው የሚነበበው?

ላብ ወረቀቱ ላይ 6 የሚል ቁጥር ጎኑ ቀስት ተደርጎበት ሲመጣ አብዛኛው ሰው ወዲያው "በቃ አለቀልኝ" ነው የሚለው፣ ግን ፒኤስኤ እኮ ካንሰርን አይለካም፣ የሚለካው ፕሮስቴት (ወንዶች ላይ ከሽንት ፊኛ ስር ያለው እጢ) የሚያመርተውን አንድ ፕሮቲን ነው፣ ጤነኛ ፕሮስቴት ያመርተዋል፣ በእድሜ የተለቀውም ኢንፌክሽን የያዘውም ያመርተዋል።

መጀመሪያ ለምርመራው ደም ከመስጠታችሁ በፊት። ሁለት ቀን ያህል ከግንኙነትም ከሳይክልም ራቁ፣ ሁለቱም ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። የሽንት ኢንፌክሽን ካለባችሁ ታከሙና 6 ሳምንት ገደማ ጠብቁ። እና ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ፊናስተራይድ ወይም ዱታስተራይድ (ለተለቀ ፕሮስቴት የሚሰጡ መድኃኒቶች) የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ለፀጉር ብላችሁም ቢሆን (ሰው ለፀጉር የሚወስደውን መድኃኒት አይቆጥረውም)፣ ምክንያቱም ለወራት ሲወሰዱ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርዱታል፣ ወረቀቱ 2.5 ቢል እንደ 5 ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ማንበብ። የተለመደው መስመር 4 ነው። ከ4 እስከ 10 መሃል ሆኖ ባዮፕሲ (ከፕሮስቴቱ በመርፌ ናሙና ወስዶ መመርመር) ከተሰራላቸው 100 ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው 25 ያህሉ ናቸው፣ ሌሎቹ 75 ተጨንቀው፣ በመርፌ ተወግተው፣ ምንም ሳይገኝባቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ከ10 በላይ ሲሆን ግን እድሉ ከግማሽ ያልፋል። ከ4 በታች ነኝ ብሎ መዝናናትም አይሆንም፣ በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ላይ ቁጥራቸው 4ና ከዛ በታች የሆነ፣ ሐኪም በፊንጢጣ በኩል በጣት ሲያያቸውም ደህና የነበሩ ወንዶች ባዮፕሲ ተደርጎላቸው 15 በመቶው ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፣ ደግነቱ ከነዚህ ውስጥ ኃይለኛው አይነት የነበረባቸው ከ7ቱ አንዱ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ከፍ ካለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደገም፣ በራሱ የሚወርድ ብዙ ነው።

የጣት ምርመራው ላይ ብዙ አልቆይም። ጣት የሚደርሰው የፕሮስቴቱን የኋላ ጎን ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት ያለውን ወይም ትንሹን እብጠት አያገኘውም፣ ለብቻው ደካማ ነው።

ከ4 እስከ 10 መሃል ከሆናችሁ ፍሪ ፒኤስኤ (ደም ውስጥ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ ነፃ ሆኖ የሚገኘውን የሚለካውን) አሰሩ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ጠቅላላው 6 ሆኖ ፍሪው 0.9 ከሆነ 0.9ን ለ6 ስታካፍሉት 15 በመቶ ይመጣል። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ጥርጣሬው ይጨምራል፣ ከ25 በላይ ሲሆን ይቀንሳል፣ 15 እንግዲህ መሃል ላይ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

እዚህ ጋ ነው ኤምአርአይ የሚመጣው፣ እኔ ብሆን ከባዮፕሲ በፊት እሱን ነው የምጠይቀው። በ2017 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ላይ አሳሳቢ ከሆኑት ካንሰሮች ኤምአርአይ ከ100 ወደ 93ቱን ሲይዝ የተለመደው በአልትራሳውንድ የሚመራ ባዮፕሲ የያዘው 48 ያህሉን ነው። በዛው ልክ ግን ካንሰር የሌለበትን ሰውም ይጠረጥራል፣ አሳሳቢ ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደህና ናችሁ ብሎ የለቀቀው 41ዱን ብቻ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 በሆነ ነጥብ ነው የሚሰጠው፣ 1ና 2 ጥርጣሬው ዝቅተኛ ነው፣ 4ና 5 ከሆነ ባዮፕሲ አይቀርም፣ 3 ላይ ሐኪሙ ሌላውን ሁሉ አንድ ላይ አይቶ ይወስናል።

ባዮፕሲው ካንሰር አለ ቢል እንኳን "ግሊሰኑ ስንት ነው?" በሉ፣ ግሊሰን የካንሰሩ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሚመስሉ የሚነግር ነጥብ ነው። 6 ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ አይነት ነው፣ ኦፕሬሽኑም ጨረሩም ሽንት አለመቆጣጠርና የወሲብ ችግር ሊያመጡ ይችላሉ፣ እና የኦፕሬሽን ቀን ከመቆረጡ በፊት በየጊዜው ፒኤስኤና ኤምአርአይ እየታየ በክትትል ብቻ መቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።