ታንኩ ሲያብጥና ሲጨመደድ፦ በመኪና የሚጫን የነዳጅ ታንክ ችግርና መፍትሄ

ከአዳማ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ በፒካፕ ናፍጣ ጭኖ ለትራክተር፣ ለኤክስካቫተር ወይም ለጄኔሬተር የሚያደርስ ሰው ብዙ ነው። ታንኩ ላይ የግፊት ችግር ካየህ መጀመሪያ ማስተንፈሻውን፣ ማለትም አየር ወደ ታንኩ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ፣ ጠርጥር። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው እሱ ሲደፈን ነው።

ምልክት፦ የታንኩ ጎን አብጧል፣ ክዳኑ ሲላላ "ፉሽሽ" ይላል

መንስኤ፦ ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል። 200 ሊትር ናፍጣ በ20 ዲግሪ ከሞቀ 3 ሊትር ያህል ይጨምራል። እስከ አፉ ከተሞላ መሄጃ የለውም። ሌላው ዳገቱ ነው። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ታች የታሸገ ታንክ አዳማ ሲደርስ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋል። ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ይህ ግፊት 700 ኪሎ ገደማ ክብደት ማለት ነው። ቆርቆሮው ቢያብጥ አይገርምም።

መፍትሄ፦ ሞተር አጥፋ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ አርቀው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁመህ ታንኩ እስኪበርድ ታገስ። ፊትህን ከክዳኑ አዙር፣ ጨርቅ ጣልበት፣ ሩብ ዙር ብቻ አላላ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ እጅህ ከክዳኑ አይነሳ። ነዳጅ መትፋት ከጀመረ መልሰህ አጥብቅና ጠብቅ። ቸኩሎ በአንዴ የከፈተ ሰው ናፍጣው ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ማስተንፈሻውን ፍታ። የአዳማን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያገኝ ይገምታል፤ ወንፊቱ ላይ በናፍጣ የተጋገረ አፈር። አንዳንዴ ተርብ በጭቃ ይደፍነዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ታንኩን የቀባው ሰው ቀዳዳውንም አብሮ ቀብቶታል። አጽዳው፣ ካልጸዳ ቀይረው። ስትሞላም ቢያንስ 5 በመቶ ባዶ ቦታ ተው።

ምልክት፦ ፓምፑ መጀመሪያ በደንብ ይቀዳል፣ ቆይቶ ይደክማል፣ ጎኑም ወደ ውስጥ ይጨመደዳል

ፓምፑን ለመቀየር አትሩጥ። ክዳኑን ስታላላው ፓምፑ ከበረታ ጥፋቱ የማስተንፈሻው ነው፤ ነዳጅ ሲወጣ በምትኩ አየር እየገባ አይደለም። ክዳኑን በመሰርሰሪያ መብሳት የተለመደ መላ ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ውሃና አቧራ ያስገባል፣ መኪናው ቢገለበጥ ነዳጁ ይፈሳል። ሲገለበጥ ራሱን የሚዘጋ ማስተንፈሻ ግጠም።

ምልክት፦ ቆሞ ሳለ ከቱቦው ጫፍ ይንጠባጠባል

ቱቦው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ፀሐይ ሲመታው ይሰፋል። ሥራ ስትጨርስ ፓምፑን አጥፋ፣ ታንኩ ስር ያለውን ቫልቭ ዝጋ፣ የቱቦውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ አድርገህ ግፊቱን አስተንፍስ፣ ከዚያ ጠቅልል።

ምልክት፦ የብየዳው መስመር ተሰንጥቆ ያረጥባል

በያጅ ጋ እንዲሁ እንዳትወስደው። ባዶ የመሰለው ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው፤ በውሃ ብቻ ማጠብም ዋስትና አይሆንም። ነዳጁን አውጥተህ ታንኩን ቀይረው፣ ወይም ትነቱን አስወጥቶና ለክቶ ለሚሠራ ባለሙያ ስጠው። ለናፍጣ የተሠራ ታንክ ውስጥ ቤንዚን አትጫን። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል።