ከዓድዋ እስከ ኅዳር ሚካኤል፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የግቢ ሳር እንዴት ይያዛል፣ አጫጅስ እንዴት ይቀጠራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት በገዛን ዓመት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የግቢያችን ሳር ገለባ ሆነ። የቀጠርነው ድርጅት በየሳምንቱ ሰው እየላከ ያሳጭድልን ነበር። ሰዎቹ ፈጣን ናቸው፤ በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳሩን በጣቴ ለካሁት። ከአውራ ጣቴ አንጓ አይበልጥም። በመሃሉ አፈሩ ይታያል። የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ እንደ አሮጌ ገመድ ተተርትሮ ነጥቷል። የማጨጃው ስለት ዶልዱሞ ሳሩን አልቆረጠውም፣ ቀዶታል።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት ጠየቅኩ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን (ለነዋሪው የግብርናና የግቢ ምክር የሚሰጠው ክፍል) የሚያወጣቸውን መመሪያዎች አነበብኩ፣ በራሴ ግቢም ሞከርኩ። ሳር ብዙ ነገር አይፈልግም። የሚፈልገውን ግን በወቅቱ ይፈልጋል። ወቅቱ ደግሞ እኛ ካደግንበት ተገላቢጦሽ ነው። አገር ቤት ሐምሌ ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የለመለመ መስክ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ሳር የሚጨነቅበት ወር ነው፤ ነፍስ የሚዘራው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ የግቢዬን ሥራ በበዓሎቻችን ማስታወስ ጀመርኩ። ቀኖቹ በጣም ይገጥማሉ።

መጀመሪያ ሳራችሁን እወቁ

እዚህ አካባቢ አብዛኛው ቤት ያለው ቶል ፌስኩ የሚባለው ሳር ነው። ቅጠሉ ሰፋ ይላል፤ ላዩን በጥፍር ስትነኩት ቁመቱን የሚከተል ሸንተረር አለው። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። በስፕሪንግና በፎል ያድጋል፣ በሰመር ሙቀት ይደክማል። በብርድ ወራት ሙሉ በሙሉ ገለባ የሚመስል፣ በሰመር ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚስፋፋ ሳር ካላችሁ ቤርሙዳ ሊሆን ይችላል። ቤርሙዳ የራሳችን ሰርዶ ነው፤ አህያዋ “እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል” ያለችለት። ሰርዶ ሙቀት ወዳጅ ስለሆነ አያያዙ ሌላ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ፌስኩ ነው።

ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ የማጨጃውን ከፍታ ከ3 እስከ 4 ኢንች ላይ አድርጉት። ሳር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ሲያጥር ሥሩም ያጥራል፤ ሥሩ ያጠረ ሳር ደግሞ የሐምሌን ፀሐይ አይችልም። ረዘም ያለ ሳር አፈሩን ያጠላዋል። የአረም ዘርም ብርሃን ስለሚያጣ እንደልቡ አይበቅልም።

በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ። ዝናብ ይዟችሁ 6 ኢንች ከደረሰ ወደ 4 አውርዱት፣ የቀረውን ከጥቂት ቀናት በኋላ። ግን ብዙ አታቆዩት። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ12 ኢንች ያለፈ ሳር ማስጠንቀቂያ ያስልካል። ፌርፋክስም ከግማሽ ኤከር ባነሰ ይዞታ ላይ ወሰኑ ያው 12 ኢንች ነው። የታጨደውን እዚያው በትኑት። ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለሳሩ ይመልሳል፤ በከረጢት ሰብስቦ መጣል ማዳበሪያ መጣል ነው። ራሳችሁ የምታጭዱ ከሆነ ስለቱን በዓመት ቢያንስ አንዴ አስሉት።

አጫጅ ስትቀጥሩ

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ግቢያችሁን ለኩ። የሳሩን ርዝመትና ስፋት በጫማ (ፊት) ለክታችሁ አባዙ፤ ቤቱንና የመኪና መግቢያውን ቀንሱ። ያንን ቁጥር ማወቅ ለዋጋ ድርድር፣ ለዘርም፣ ለማዳበሪያም ይጠቅማችኋል። ስንት ስኩዌር ፊት እንዳለው የማያውቅ ሰው የተጠራለትን ዋጋ ነው የሚከፍለው።

ቀጥሎ የምትቀጥሩት ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ለዩ። ማጨድ አንድ ነው፤ ማዳበሪያና ፀረ አረም መርጨት ሌላ ነው፤ አፈር መብሳትና ዘር መዝራት ሦስተኛ ነው። በር አንኳኩተው የሚመጡ ሻጮች ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ፓኬጅ ይሸጣሉ። እኔ ነጣጥሎ መቅጠርን እመርጣለሁ። ማጨዱን ለሰው ብትሰጡ እንኳን ማዳበሪያውን በዓመት ሁለቴ ራሳችሁ መበተን አያቅታችሁም።

ጥሩ አጫጅ ለማግኘት ነሐሴ ላይ በሰፈራችሁ በእግር ዞር ዞር በሉ። በግንቦት የሁሉም ሰው ሳር አረንጓዴ ነው። በነሐሴም ያልተቃጠለ ሳር ያለውን ጎረቤት ማን እንደሚያጭድለት ጠይቁት። ከኛም ሰው በዚህ ሥራ የሚተዳደር አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕቁብ ላይ ጠይቁ። ግን የአገር ልጅ ነው ብላችሁ ጥያቄዎቹን አትዝለሏቸው። ይሉኝታ ውሎ አድሮ ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ሦስት ሰው ጥሩ፤ ሦስቱም ግቢውን መጥተው ይዩ። እኔ እነዚህን እጠይቃለሁ። ስንት ኢንች ላይ ነው የምታጭዱት? “እንደፈለጉት” የሚል ደህና ነው፤ “አጠር ስናደርገው ቶሎ አያድግም” የሚለውን አመስግኜ እሸኘዋለሁ። ስለቱን በየስንት ጊዜው ነው የምትስሉት? አፈሩ ረጥቦ ጭቃ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? ከባድ ማሽን እርጥብ አፈር ላይ ሲነዳ መሬቱን ስለሚጠቀጥቀው ጥሩው መልስ “ቀን እናዛውራለን” ነው።

ኢንሹራንሱን በወረቀት እዩት። ድንጋይ ተፈናጥሮ የጎረቤት መስኮት ቢሰብር፣ ወይም ሠራተኛ እናንተ ግቢ ቢጎዳ ማን ይከፍላል? ኢንሹራንስ ያለው ድርጅት ማስረጃውን በኢሜይል ለመላክ አይከብደውም። ማዳበሪያ በክፍያ የሚበትን ደግሞ በሜሪላንድ ግብርና መሥሪያ ቤት የተመሰከረለት መሆን ወይም በተመሰከረለት ሰው ሥር መሥራት አለበት። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ለሚረጭም ፈቃድ ግዴታ ነው። ቁጥሩን ጠይቁና ራሳችሁ አጣሩ።

የቅጠል መንፊያ ብሎወራቸውንም ጠይቁ። በዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር መጠቀም ተከልክሏል። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ያላቸውን ቅጠሩ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደሚሠራ፣ በየስንት ቀኑ፣ በአንድ ጊዜ ስንት፣ ውሉ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት በራሱ ይታደስ እንደሆነ። አንድ መስመር አስጨምሩ፦ በድርቅ ሳምንት፣ ሳሩ ካላደገ፣ አይታጨድም፣ አይከፈልም። ይህ መስመር ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ የኛ ሳር በዚያ ሐምሌ አይላጭም ነበር። የወቅቱን ሙሉ ሂሳብ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ከማጨድ ያለፈ ትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ የድንጋይ ግድግዳ ወይም የጓሮ ንጣፍ ካሠራችሁ፣ በሜሪላንድ ሠሪው የቤት ማሻሻያ ሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቀብዱም ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

በመጀመሪያው ቀን ቤት ሁኑ። እኔ ማስመሪያ ይዤ ወጣሁ። ልጁ አንድ መስመር አጨደ፣ ማስመሪያውን አፈሩ ላይ አቁመን አብረን አየን፣ ማሽኑን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንበትም። ሙቀቱ ሲበረታ ቀዝቃዛ ውሃ አውጡላቸው። አብዛኞቹ እንደኛው ከሩቅ አገር መጥተው የሚለፉ ሰዎች ናቸው።

ከቡሄ እስከ መስቀል

የዓመቱ ዋና ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው ሚያዝያ ላይ ዘር ገዝቶ ይበትናል። ዘሩ ይበቅላል፣ ግን ሥር ሳይሰድ ሙቀቱ ይደርስበታል። ፌስኩ የሚዘራው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው።

በቡሄ ሰሞን አፈራችሁን አስመርምሩ። ከግቢው ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቦታ፣ 4 ኢንች ያህል ጥልቀት ቆፍራችሁ አፈር ውሰዱ፤ በባልዲ ቀላቅሉና ጥቂቱን ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። በቨርጂኒያ የቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ ይሠራዋል። የሜሪላንድ ኤክስቴንሽን ደግሞ የላቦራቶሪዎች ዝርዝር አለው። ውጤቱ ላይ መጀመሪያ ፒኤች የሚለውን፣ ማለትም የአፈሩን የአሲድነት መጠን፣ እዩ፤ ከ6 እስከ 7 መሆን አለበት። ዝቅ ካለ ውጤቱ በሚነግራችሁ መጠን ኖራ ጨምሩ። ሳይመረመር በግምት ኖራ መበተን አይጠቅምም።

አፈሩ መጠቅጠቁን ለማወቅ ዝናብ በጣለ ማግስት ካቻቢቴ ይዛችሁ ውጡና መሬቱ ላይ ግፉት። በቀላሉ ካልገባ የሳሩም ሥር አይገባም። የዚህ አካባቢ ቀይ ሸክላ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው። ያኔ ኤሬሽን ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ጣት የሚያክሉ የአፈር ድብልብሎች እየነቀለ መሬቱን ይበሳዋል። ድብልብሎቹን አታንሷቸው፣ ራሳቸው ይፈርሳሉ። ማሽኑ ከባድ ነው፤ ከመከራየት ይልቅ ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠር ያዋጣል። የውሃ ስፕሪንክለር ካላችሁ እንዳይሰበር በየቦታው ምልክት ትከሉለት።

ከዚያ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ዘሩን ዝሩ። ሳሩን ወደ 2 ኢንች ተኩል አጭዱት፤ ዝቅ ማድረግ የሚፈቀደው ያኔ ብቻ ነው። ባለው ሳር ላይ ለ1,000 ስኩዌር ፊት 4 ፓውንድ ያህል የፌስኩ ዘር ይበቃል፤ ለባዶ መሬት ከ6 እስከ 8 ፓውንድ። ከረጢቱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የአረም ዘር መጠኑ ወደ ዜሮ የተጠጋውን ምረጡ፤ ዓመታዊ ራይ ግራስ የበዛበትን ርካሽ ድብልቅ ተዉት፣ በዓመቱ ይሞታል። ግማሹን ወደ ቁመት፣ ግማሹን ወደ አግድም በትኑና በሬክ ቀለል አድርጋችሁ ከአፈሩ ጋር አገናኙት። እስኪበቅል በቀን አንዴ ሁለቴ በስሱ አጠጡት፤ ላዩ መድረቅ የለበትም። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ጠጉር የቀጠነ አረንጓዴ ታያላችሁ። እኔ ጠዋት ከሥራ በፊት ቡናዬን ይዤ ወጥቼ ሳየው ይህ ነው የማይባል ደስታ ይሰማኛል።

ማዳበሪያው ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

ከረጢቱ ላይ 24-0-6 የሚል ከሆነ 24 በመቶ ናይትሮጅን፣ ዜሮ ፎስፈረስ፣ 6 በመቶ ፖታሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት የሜሪላንድ ሕግ በአንድ ጊዜ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን አይፈቅድም። 0.9 ለ0.24 ሲካፈል 3.75 ነው፤ ለ1,000 ስኩዌር ፊት 3.75 ፓውንድ ማዳበሪያ ማለት ነው። 4,000 ስኩዌር ፊት ሳር ካላችሁ ከዚያ ከረጢት 15 ፓውንድ ይበቃችኋል፤ ሙሉ 50 ፓውንድ መበተን ሳሩን ያቃጥላል፣ ሕግም መጣስ ነው። ፎስፈረስ የሚፈቀደው የአፈር ምርመራው ካዘዘ፣ ወይም አዲስ ሳር ስትዘሩና የተጎዳ ቦታ ስትጠግኑ ብቻ ነው።

ሕጉ የወጣው ለቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ነው። ከየግቢው ታጥቦ የሚሄደው ማዳበሪያ ውሃው ላይ አልጌ ያባዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ለዓሣና ለክራብ የሚሆነውን ኦክስጅን ይጨርሳል። መንገድ ላይና ጠርዝ ላይ የፈሰሰውን ጠርጋችሁ ወደ ሳሩ መልሱ። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል አትበትኑ።

ቀኑ ደግሞ ለኛ ለማስታወስ ቀላል ነው። የሜሪላንድ የቤት ባለቤት ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ማዳበሪያ መበተን አይችልም። ክልከላው ከኅዳር ሚካኤል ስድስት ቀን ቀድሞ ይጀምራል፣ በዓድዋ ዋዜማ ያበቃል። እኔ አንዴ በመስከረም፣ አንዴ በጥቅምት እበትናለሁ፤ በስፕሪንግ ብዙውን ጊዜ አልነካውም።

አረምና ውሃ

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሳር ውበት ሲባል አብዛኛውን ሰው ሠራሽ ፀረ አረም መርጨት የተከለከለ ነው፤ የቀጠራችሁት ድርጅት ይህን ካላወቀ ሌላ ፈልጉ። ሌላ ቦታ የሚያስቸግራችሁ ክራብግራስ የሚባለው አረም ከሆነ፣ መከላከያው የሚበተነው ፎርሲቲያ የሚባለው ቁጥቋጦ እንደ አደይ በቢጫ አበባ ሲሸፈን ነው። በዚያው ስፕሪንግ ዘር ልትዘሩበት ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ግን አታድርጉት፤ የሳሩንም ዘር ያስቀራል።

ሳሩ ከዝናብ ጋር ተደምሮ በሳምንት 1 ኢንች ውሃ ይበቃዋል። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ስፕሪንክለሩ ሥር አስቀምጡና ለኩ። ጠዋት፣ በደንብ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። በሐምሌ ሳሩ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ተኝቶ ነው። ብዙ ሳምንት ዝናብ ካልጣለ ብቻ ሥሩ እንዳይሞት አልፎ አልፎ አጠጡት።

ኅዳር ላይ ቅጠል ሲረግፍ በቀጭኑ ያረፈውን ከሳሩ ጋር በማጨጃው ፍጩት፤ ሳሩን የሸፈነውን ግን አንሱት፣ ካልሆነ አፍኖ ይገድለዋል። አጫጃችሁን የመጨረሻውን ዙር ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን ንገሩት፤ ለከርሞ በየትኛው ሳምንት እንደሚጀምርም ያኔውኑ ተቀጣጠሩ። መጋቢት ላይ ጥሩ አጫጅ ሁሉ ተይዟል።