«ፉል ስኮላርሺፕ» ከመባሉ በፊት፦ ለሯጭ ልጃችሁ ኮሌጅ ስትመርጡ

የመጀመሪያ ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለ አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ደወለለት። «ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን» አለው። እኔም እናቱም ሌላ ነገር አልጠየቅንም። ዘመድ ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለን። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ስኮላርሺፑ ከጠቅላላው ወጪ ሩቡን እንኳ አይሸፍንም። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ያ አሰልጣኝ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሄደ፣ አዲሱ የራሱን ልጆች ይዞ መጣ። ልጄ ትምህርቱን ጨርሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሩጫውን ግን በሃያ ዓመቱ ጠልቶት ተወው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በእህቱ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቅን፣ አነበብን፣ መኪና ነዳን። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ውድድር ላይ የማገኛቸው የሀበሻ ወላጆች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ፣ ያወቅኩትን ልጻፈው። የማወራው ስለ ትራክና ስለ አገር አቋራጭ ነው። ልጃችሁ ሶከር ተጫዋች ቢሆንም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ኮሌጁን በኮከብ ሯጩ አትለኩት። ሯጩን ያሬድ ንጉሴን ሁላችንም በኩራት እናያለን። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፣ እሱ ያደገው ኬንታኪ ሉዊቪል ነው፣ ኖተር ዴም ገብቶ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆችን የ1500 ሜትር ውድድር አሸነፈ፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ነሐስ አገኘ። ደስ ይላል። ግን የእኔም የእናንተም ልጅ ቡድን ውስጥ ሲገቡ ምናልባት አስረኛ ወይም አስራ ሁለተኛ ሯጭ ነው የሚሆኑት። ስለዚህ የሚጠየቀው «ከዚህ ቡድን ማን ኦሎምፒክ ሄደ?» አይደለም። «አስራ ሁለተኛው ልጅ ምን ሆነ?» ነው። ተሻሻለ? ተጎዳ? ተባረረ? ተመረቀ? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህን ልጅ ታሪክ ለማግኘት ነው።

በቀላሉ የሚጀመረው ከቤት ነው። ቲኤፍአርአርኤስ የሚባል የኮሌጅ ሩጫ ውጤት የሚለጠፍበት ድረ ገጽ አለ፣ በነፃ ነው። የኮሌጁን ስም አስገብታችሁ የሦስትና የአራት ዓመት በፊቱን ቡድን ክፈቱ። ያኔ አንደኛ ዓመት የነበሩትን ልጆች በወረቀት ጻፏቸው፣ ከዚያ ዛሬ ያለውን የቡድን ዝርዝር አምጡና አስተያዩ። ስምንት ገብተው ሰባት ካሉ ጥሩ ነው። ስምንት ገብተው ሁለት ከቀሩ ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው፣ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የቀሩትም ሰዓታቸው ተሻሽሏል ወይስ እንደ ሃይስኩል ነው? እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ሃይስኩል 5 ኪሎ ሜትር የሮጠ ወንድ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ 8 እና 10 ኪሎ ሜትር ነው የሚሮጠው። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ይከብዳል። የሦስተኛውን ዓመት ነው ማየት። እኔና ልጄ ይህን ሥራ ለአስራ አንድ ኮሌጆች ሠራነው፣ ሁለት እሁድ ነው የፈጀብን፣ አምስቱን ኮሌጆች ያን ጊዜውኑ ሰረዝናቸው።

አሁን ገንዘብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር። አብዛኛውን የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ሦስት ዲቪዥን፣ ማለትም ሦስት ምድብ፣ አለው። አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዥን ለስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ፣ ሦስተኛ ዲቪዥን ለስፖርት ብሎ አይሰጥም። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም አንደኛ ዲቪዥን ሆኖ ለስፖርት አይሰጥም። ከነዚህ ውጭ ኤንኤአይኤ በሚባል ሌላ ማኅበር ውስጥ ያሉ አነስ ያሉ ኮሌጆች አሉ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ሩጫ ውስጥ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኘው በጣም ጥቂት ልጅ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ የአንደኛ ዲቪዥን ኮሌጅ ለትራክና ለአገር አቋራጭ በአንድ ላይ የነበረው 12.6 ስኮላርሺፕ ለወንዶች፣ 18 ለሴቶች ነበር፣ እሱም ለብዙ ልጅ ይከፋፈላል። የእኔ ልጅ ሩብ ያልሞላ ያገኘው ለዚህ ነው። በጁላይ 2025 ከፍርድ ቤት ስምምነት በኋላ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥሩ ገደብ ተነሳ፣ በምትኩ የልጆቹ ቁጥር ተገደበ፤ አገር አቋራጭ 17፣ ትራክ 45። ገደቡ ተነሳ ማለት ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም፣ ኮሌጁ በጀት ከሌለው አይሰጥም። የቁጥሩ ገደብ ግን የመሃሉን ልጅ በቀጥታ ይነካዋል። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ የሚያድግ ልጅ ቦታ ነበረው። አሁን በነዚህ ኮሌጆች አገር አቋራጭ ላይ አስራ ስምንተኛው ልጅ ቦታ የለውም። ስለዚህ አሰልጣኙን በግልጽ ጠይቁ፦ ስንት ልጅ አላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ይመረቃል፣ ስንት ታስገባላችሁ፣ ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት፣ ልጄ ብትጎዳ ይቀጥላል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተባለ ነገር አሰልጣኙ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ሂሳቡን ደግሞ በስኮላርሺፑ ስም ሳይሆን ከኪሳችሁ በሚወጣው አስሉት። ለምሳሌ በዓመት 60,000 ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ 15,000 የስፖርት ስኮላርሺፕ ቢሰጥ 45,000ውን እናንተ ትከፍላላችሁ። ሦስተኛ ዲቪዥን ያለ ሀብታም ኮሌጅ ለስፖርት ምንም ሳይሰጥ የቤተሰባችሁን ገቢ አይቶ 48,000 ቢረዳችሁ የምትከፍሉት 12,000 ነው። ታክሲ እየነዳና ነርሲንግ ሆም እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፣ ገቢያችሁን አስገብታችሁ ግምቱን ታያላችሁ። ፋፍሳን፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ማመልከቻውን፣ በጊዜ ሙሉ። አረንጓዴ ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነት ያገኘ ሁሉ ይችላል። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርምም ይጠይቃሉ። «ለስፖርት ካልከፈሉ ሩጫቸው ደካማ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የ2023 እና የ2024 የአንደኛ ዲቪዥን የወንዶች አገር አቋራጭ አሸናፊ ግሬም ብላንክስ የሃርቫርድ ተማሪ እንደነበረ ንገሩት።

ከሰዓቱ በፊት የትምህርት ማስረጃው ይታያል። አንደኛ ዲቪዥን ለመወዳደር ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል 16 ዋና ዋና ትምህርቶች መጠናቀቅ አለባቸው፣ የነሱም ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ቢያንስ 2.3 ነው፣ ለሁለተኛ ዲቪዥን 2.2። ለአንደኛ ዲቪዥን ከ16ቱ 10ሩ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ተሯሩጦ ማስተካከል አይቻልም። በቅርብ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጠው ክፍል ሁልጊዜ እንደ ዋና ትምህርት አይቆጠርም። ልጁ ኤ እያመጣ ይሄዳል፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ «ይሄ አይያዝልህም» ይባላል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሆናችሁ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር «ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸው ትምህርቶች ዝርዝራችን ላይ የትኞቹ ክፍሎች አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኤስኤቲ የሚባለው ፈተና ለኤንሲኤኤ ብቁነት ከ2023 ጀምሮ ቀርቷል፣ ኮሌጁ ግን ለመግቢያ ሊጠይቅ ይችላል።

አሰልጣኝ ማነጋገር ላይ ወላጅ ወደ ኋላ ይበል። ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይጻፍ፦ ስም፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ሰዓቶቹ፣ ጂፒኤው፣ መማር የሚፈልገው፣ ለምን ይህን ኮሌጅ እንደመረጠ። አጭር ይሁን። አስረኛ ክፍል ከመጨረሱ በፊት የአንደኛ ዲቪዥን አሰልጣኝ ዝም ቢል አትዘኑ፣ በሩጫ እስከዚያ ዓመት ጁን 15 ድረስ ስለ ምልመላ መመለስ አይፈቀድለትም። ለሁሉም የሚላክ ፎርምና «ካምፓችን ና» የሚል ጥሪ ደግሞ ፍላጎት ማለት አይደለም፣ ካምፑ የሚከፈልበት ነው። የሚፈልግ አሰልጣኝ በስም ይጽፋል፣ የልጁን ውድድር ጠቅሶ ይጠይቃል።

ሜጀሩ፣ ማለትም የሚማሩት የትምህርት ዘርፍ፣ ላይ እኛ ሀበሾች ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምና እንወዳለን። እሺ። ግን ልምምድ ከሰዓት በኋላ ከሆነና ላቦራቶሪውም የሆስፒታል ተግባር ትምህርቱም ከሰዓት በኋላ ከሆነ ልጁ መሃል ላይ ይቀደዳል። ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ነው ይላል፣ ጉዞው ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። «ነርሲንግ የሚማሩ ሯጮች አሏችሁ?» ብላችሁ አትቁሙ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «አሁን ስንት አሉ? አንዷን ላናግራት?» በሉ። እኔ ይህን ስጠይቅ አንድ አሰልጣኝ ዝም ብሎ ጣሪያ አየ። ዝምታው በቂ መልስ ነበር።

ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። ስለ ክብደት የሚያወራ ቡድን አለ። ልጆቹን የሚመዝን፣ «ቀለል ብትዪ ትፈጥኛለሽ» የሚል። የወር አበባዋ የቀረባት፣ አጥንቷ በየዓመቱ የሚሰነጠቅ ልጅ በዚህ መንገድ ነው የምትመጣው። «ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ የአጥንት ጉዳት ነበረበት? የምግብ ባለሙያ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጾምም አለ። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሚውለውም ትራኩ በሚሞቅበት ወራት ነው። የምትጾም ልጅ በካፍቴሪያው ምስርና ባቄላ ካላገኘች በድንችና በዳቦ ትከርማለች፣ ብረቷም ይወርዳል። የቡድኑ ሐኪም ደሟን በየጊዜው ይመረምራል ወይ? ሙስሊም ልጅ ያላችሁም በረመዳን ልምምዱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሰልጣኙ ሰምቶ የማያውቅ ቢሆን ችግር የለም። ለመስማት ፈቃደኛ መሆኑን ነው የምታዩት።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ ወጣቶች ጥቂት ልበል። እውነተኛ አሰልጣኝ ስኮላርሺፕ ለመስጠት ብር አይጠይቅም፣ «መጀመሪያ ይህን ክፈል» የሚል ደላላ ካለ ራቁት። ለክለብ ፈርማችሁ ደመወዝ ወይም የሽልማት ገንዘብ ከወሰዳችሁ አትደብቁት፣ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ አስቡበት፣ ብቁነታችሁን ሊነካ ይችላል። ከ12ኛ ክፍል በኋላ እየተወዳደራችሁ የሚያልፈው ዓመትም ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት አሁኑኑ ሰብስቡ። በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ በፋፍሳ ርዳታ አያገኝም፣ በስሙና በምስሉ፣ ለምሳሌ ለማስታወቂያ፣ ገንዘብ መቀበልም ቪዛውን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳይጠይቅ ምንም አይፈርም። ከፍታ ለለመደ ሰው ፍላግስታፍ ያለው ኖርዘርን አሪዞና ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፣ ለሩጫ የሚታወቅ ቡድንም አለው።

መጨረሻ ላይ የቀሩትን ሦስት ኮሌጆች ሄደን አየናቸው። ልጄ ከቡድኑ ልጆች ጋር አንድ ሌሊት አደረች፣ እኔ ሆቴል ነበርኩ። ከመሄዷ በፊት አንድ ሥራ ሰጠኋት። «አንደኛዋን ሯጭ ተያት፣ ውድድር ላይ የማትሰለፈውን ልጅ ፈልጊና አሰልጣኙ በሌለበት አናግሪያት» አልኳት። በሁለቱ ኮሌጆች ያገኘቻቸው ልጆች «ጥሩ ነው» ብለው ወሬ ቀየሩ። ሦስተኛው ጋ ያገኘቻት ልጅ ሦስተኛ ዓመት ነበረች፣ እግሯን ተጎድታ አንድ ወቅት ሙሉ አልሮጠችም። «አሰልጣኟ በየሳምንቱ ሐሙስ ቢሮዋ ትጠራኝ ነበር፣ ስለ እግሬ ሳይሆን ስለ ኬሚስትሪ ፈተናዬ ነበር የምትጠይቀኝ» አለቻት። «ዋና ገንዳ ውስጥ ስሠራም አንዷ ልጅ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ አብራኝ ትመጣለች፣ ማንም አላዘዛትም።» ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር ነው ይህን የነገረችኝ። ኮሌጁ ከሦስቱ በሩጫ ዝቅ ያለው ነው። እዚያ ከገባች አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው፣ ከቡድኑ አስራ አንደኛ ናት፣ ትናንት ማታም ደውላ የነገ ልምምዷ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነገረችኝ።