ከካምኮርደር በሪከርደር ሲቀዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ካምኮርደሮች ሌንሳቸው ጥሩ ነው። ጥራቱ የሚባክነው ምስሉ ካርድ ላይ ሲጻፍ ነው። ለምሳሌ ኤቪሲኤችዲ የሚባለው ፎርማት በሰከንድ ከ28 ሜጋቢት አያልፍም፤ ከቀለሙም ብዙ ይቀንሳል። ሪከርደር (ከካሜራው ውጭ የሚገናኝ መቅጃ) ግን ምስሉን ሳይጨመቅ በኤችዲኤምአይ ኬብል ተቀብሎ እንደ ፕሮሬስ ባለ፣ ምስሉን ብዙም በማይጨምቅ ሰፊ ፎርማት ያስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ አሟልተው "ምንም ለውጥ የለውም" የሚሉ ሰዎች ግን አሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቀድሞ የተቀዳን ቪዲዮ ካሜራው ላይ እያጫወቱ ወደ ሪከርደር መገልበጥ። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ቪዲዮው ካርድ ላይ ሲገባ ተጨምቋል፤ ያኔ የጠፋው ነገር በኬብል አይመለስም። ፋይሉ ብቻ ይገዝፋል። ጥቅሙ የሚገኘው ካሜራው እየቀረጸ ሳለ፣ በዚያው ቅጽበት ሲቀዱ ነው። የቢት (የቀለም ደረጃዎችን ብዛት የሚወስነው ቁጥር) ነገርም እንዲሁ ነው። ካሜራው 8 ቢት ከላከ፣ ሪከርደሩ 10 ቢት ፋይል ውስጥ ቢያስቀምጠውም ምስሉ ያው 8 ቢት ነው። ሪከርደር የተላከለትን ይይዛል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

ቀጣዩ እኔንም ያቃጠለኝ ነው። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቀድቼ ስከፍተው የባትሪው ምልክት፣ ደቂቃ ቆጣሪው፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ካሬ ሁሉ አብሮ ተቀድቷል። ከምስሉ ላይ መፋቅ አይቻልም። ሜኑ ውስጥ ገብተው የስክሪኑ ጽሑፍ በኤችዲኤምአይ እንዳይወጣ ያጥፉት። ከዚያ ካሜራውን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው በዓይንዎ ያረጋግጡ። ጽሑፉን ጨርሶ የማያጠፉ ካሜራዎችም ስላሉ፣ ይህን ሙከራ ሪከርደር ከመግዛትዎ በፊት ቢያደርጉት ይሻላል።

የፍሬሙ ቁጥርም ያሳስታል። አንዳንድ ካምኮርደር በሰከንድ 24 ፍሬም እየቀረጸ በኬብሉ የሚልከው ግን 60 ኢንተርሌስድ (መስመር እየዘለለ የሚላክ፣ በሰከንድ 60 ግማሽ ምስል) ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ ችግሩ ይኸው ነው። ሪከርደሩ ላይ ፑልዳውን (24ቱን ፍሬም ወደ 60 ለመሙላት የሚደረገውን ድግግሞሽ) የሚያስወግደውን ምርጫ ያብሩ።

ዲስክ ላይ አይቆጥቡ። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው (ከፍ ያለ ጥራት ያለው የፕሮሬስ ዓይነት) በፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ለአንድ ሰዓት 100 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ዘገምተኛ ኤስኤስዲ (ሪከርደሩ የሚቀዳበት ዲስክ) ፍሬም ይጥላል። ስለዚህ የሪከርደሩ አምራች ከዘረዘራቸው ዲስኮች ውስጥ ይምረጡ። ለ8 ቢት ካሜራ ተራው ፕሮሬስ 422 በቂ ነው ባይ ነኝ፤ ቦታውም በሲሶ ይቀንሳል።

ኤችዲኤምአይ መቆለፊያ የለውም። ትንሽ ከተነካ ይወልቃል፣ ቀረጻውም እዚያው ይቆማል። ኬብሉን ከካሜራው ጋር አጥብቀው ይሰሩት። ካርዱም ጎን ለጎን ይቅዳ። ካርድ ላይ ካልቀዱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ካምኮርደሮች አሉ፤ ኬብሉ ቢወልቅ ደግሞ የሚተርፍልዎት ካርዱ ላይ ያለው ነው።